የበርሜል ጂን

በዚያ የእንጨት ሥራ ቤት እንደ በርሜል የሚጠጣ አልነበረም። ቅጽል ስሙም የወጣለት ለዚሁ ነው። ሥራው የቤት ዕቃ ፖሊሽ መቀባት ነው። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሆንና ማሽኑ ዝም ሲል ባልደረቦቹ የየራሳቸውን መጠጥ ይዘው ገና ባልተሸጠ ሶፋ ላይ ይደረደራሉ። ሶፋ ሰሪው ከቢራ ሌላ አይነካም፤ «ቢራ ምግብ ነው» ይላል፣ ቦርጩም ይመሰክርለታል። ቀለም ረጪው ደግሞ የሳል ሽሮፕ በለስላሳ በጥብጦ የሚጠጣ ጉደኛ ነው። አንድ ቀን ቁም ሳጥን ተደግፎ ቆሞ እንቅልፍ ቢወስደው ገዢ መጥቶ፣ «እሱም አብሮ ነው የሚሸጠው?» ብሎ ጠይቋል።

በርሜል ግን ጂን ነው። ያለ በረዶ፣ ያለ ሎሚ፣ ከነጠርሙሱ። ጭልጥ አድርጎ ይጨርስና ብስክሌቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ቤቱ ይገባል። ወሬው የደረሳቸው እናቱ፣ «የዚህ ልጅ አንጀት ከምን ይሆን የተሠራው?» እያሉ ስንቱን ሌሊት አነቡ። ምስኪን! የበርሜል ጂን የቧንቧ ውሃ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲቀጠር አንድ መለኪያ ጂን ሰጡት፤ ገና ሳይጨርሰው የአለቃው ጫማ ላይ አስመለሰ። ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ የጂን ጠርሙስ ከጓሮ ቧንቧ ሞልቶ መጣ። ይኸው አምስት ዓመቱ፤ በውሃ ጀግና ተብሎ ይኖራል።

የሚገርመው የማሽኒስቱ ነገር ነበር። ይህ የልብ ጓደኛው «ከበርሜል እጅ ካልሆነ አልጠጣም» እያለ በየሳምንቱ ከዚያው ጠርሙስ አንድ ብርጭቆ ይቀዳል፤ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጥና ሰክሮ ይዘፍናል። ሰው በውሃ ይሰክራል እንዴ? በርሜል እንዳይጠይቀው የራሱ ጉድ ሊወጣ ነው።

እንግዲህ በርሜል ፖሊሽ የሚያሟሟበትን ስፕሪትም የሚያስቀምጠው በባዶ የጂን ጠርሙስ ነው፤ ከጀሪካን በየጊዜው መቅዳት ይሰለቸዋል። የሚለያቸው በቦታ ነው፦ ስፕሪቱ መደርደሪያ ላይ፣ ውሃው መስኮቱ ሥር። አንድ ቅዳሜ ግን አንድ ጠረጴዛ ለመጨረስ ሲጣደፍ ስፕሪቱን መስኮቱ ሥር አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ቤቱ ሁልጊዜ ስፕሪት ስለሚሸት የማንም አፍንጫ አይለየውም።

ሲመለስ ማሽኒስቱ ብርጭቆውን ሞልቶ ወደ አፉ ያነሳል። በርሜል መደርደሪያውን ቢያይ የስፕሪቱ ጠርሙስ የለም።

«ተው! ስፕሪት ነው!» ብሎ ዘሎ እጁን መታው። ብርጭቆው ተፈናጥሮ ተሰበረ።

«ለአንድ ብርጭቆ ጂን ብለህ ሰው ትመታለህ? ምን ዓይነት ስስታም ነህ!» አለ ሶፋ ሰሪው። «የራስህ ጠርሙስ አይደል እንዴ? እንካ ወንድሜ፣ እኔ እቀዳልሃለሁ።» ወደ ማሽኒስቱ ዞሮ ጠርሙሱን አነሳ።

በርሜልን ላብ አጠመቀው። አምስት ዓመት የተከበረበት ስሙ በአንድ ወገን፣ የጓደኛው ዓይን በሌላ ወገን።

«የእኔ ጂን ውሃ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጂን የሚባል ነገር አልጠጣም! አምስት ዓመት የጠጣሁት የቧንቧ ውሃ ነው! ይሄኛው ግን የምር ስፕሪት ነው፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል!»

ሳቁ ቤቱን አናወጠው። ሶፋ ሰሪው ሆዱን ይዞ ተንከባለለ፣ ቀለም ረጪው እንኳ ነቃ። በርሜል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያልሳቀው ማሽኒስቱ ብቻ ነው። ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብሎ የራሰ እጁን ያያል።

«ውሃ መሆኑንማ አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም መጠጥ አልወድም። ለዚህ ነው ካንተ ብቻ የምቀዳው። አሁንም ውሃ መስሎኝ በአንድ ትንፋሽ ልጨልጠው ነበር።»

ሳቁ ቀጥ አለ። በርሜል አጠገቡ ተቀመጠ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ዘፈን?» አለ ሶፋ ሰሪው፣ ቢራውን አስቀምጦ።

«ዘፈኑንማ እወደዋለሁ» አለ ማሽኒስቱ።