ሱቅ የለኝም

የምሄድ ዕለት ማታ ሶዶ ያለው ቤታችን በጸሎተኛና በመካሪ ሞልቶ ነበር። ለጸሎቱ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ የምክሩን ነገር ግን ተዉት። ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ የወላይታ ልጅ ሱቅ ሊከፍት ነው፣ አለቀ። የሰፈራችን ጅምላ ነጋዴ ጋሽ ሸምሱ፣ አባታቸው ከስልጤ መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ ሙቹዋ የሚባለውን ያገራችንን ምግብ በዳጣ እያጠቀሱ «በስኳርና በሳሙና ጀምር፤ ዱቤ እንዳትለምድ» አሉኝ። «ጋሽ ሸምሱ፣ እኔ እኮ የሰማይ ራዲዮ ልማር ነው የምሄደው» ብላቸው «እሱንም ከጎን ትሸጣለህ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ብቻ አልሳቀም። ሲነጋ ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ሲሸኘኝ «ለኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ፤ ሱቁ የማን ነው?» አለ። «ሱቅ የለም» አልኩት። «እሺ፣ ይሁን» አለና ፊቱን አዞረ። ከወንድሙ የሚደብቅ ሰው አድርጎ እንደቆጠረኝ ገብቶኛል፤ ምን ላድርግ፣ አውቶቡሱ ተነሳ።

ኤርፖርት ላይ የኢሚግሬሽኗ ሴትዮ ፓስፖርቴን አገላብጣ «ምን ልትሠራ መጣህ?» አለችኝ። አስትሮኖሚ ልማር አልኳት። «ሱቁ የትኛው ከተማ ነው?» «ሱቅ የለኝም።» «ሁላችሁም እንደሱ ነው የምትሉት» ብላ ማህተሙን ደለቀችው። አከራዬ ደግሞ ገና ቁልፉን ሳትሰጠኝ ብርድ ልብስ በዱቤ ጠየቀችኝ፤ ያገሬ ልጆች እዚህ በር እያንኳኩ ብርድ ልብስ በዱቤ ይሸጣሉና። የለኝም ስላት ደነገጠች። «ታዲያ ኪራዩን በምን ልትከፍል ነው?» «ዩኒቨርሲቲው ይከፍለኛል፤ ሰማይ አዳምጣለሁ።» እስኪ እናንተ ብትሆኑ ታከራዩኝ ነበር? ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ሰጠችኝ። እኛ ጋ ያለ የሁምቦ ሰው ቢቀምሰው «ቅቤው የታለ?» ብሎ ይጣላ ነበር። እኔ ሳህኑን ጠርጌ በላሁ።

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዲህ ነው የምለው። ኮከብ የሚባል ነገር ሳይበራ በፊት ሰማዩን የሞላ ጋዝ ነበር። ያ ጋዝ የለቀቀው የራዲዮ ሞገድ እስከ ዛሬ ይጓዛል። በመንገዱ ተለጥጦ ተለጥጦ እኛ ዘንድ ሲደርስ ልክ ሶዶ ላይ ኤፍ ኤም የምንከፍትበት ቦታ ላይ ያርፋል። እንግዲህ የዓለም ዘፋኝና ጋዜጠኛ ሁሉ ተሰብስቦ በሚጮህበት ቦታ፣ ከሹክሹክታ ያነሰ ድምፅ ፈልግ ተባልኩ። ስለዚህ ካሩ ወደሚባል፣ ሰው ወደሌለበት በረሃ እንሄዳለን፤ አንቴናዎቻችን እዚያ ናቸው። በር ላይ ዘበኛው ስልካችንን አዘግቶ ይቀበለናል። አንድ ስልክ የብዙ ሰው ድካም ያበላሻል። እዚያም ሆኖ አውሮፕላን ሲያልፍ የሩቅ ከተማ ኤፍ ኤም ከሆዱ ላይ ነጥሮ ይመጣብናል። እናቴ መጀመሪያ ስልኬ ሲዘጋ ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ለምዳው «በረሃ ገብቶ ነው» ማለት ጀመረች።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ ወንድሜ ታሪኩ ለማንም ሳይናገር በደላላ ወደ እኔ ወጣ። በሞያሌ፣ በየብስ። ከበረሃው ስመለስ ስልኬ ላይ ድምፁ ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ «ወንድሜ፣ ስልክህ ዝግ ነው። ማላዊ ነኝ። ነገ መኪና አለ ብለውናል። ለማደሪያ አትጨነቅ፣ ከባንኮኒው ጀርባ እተኛለሁ።»

ባንኮኒው! እስከዚያ ድረስ አላመነኝም።

እሱ በደወለበት ስልክ ላይ መልሼ ስደውል አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ትመልስልኛለች፤ የተቀዳ ድምፅ ነው። ሱቅ ያላቸውን ያገሬን ልጆች ከተማ ለከተማ እየዞርኩ ጠየቅሁ። እነሱ ደላሎቹን ጠየቁ። አንዱ መኪናው ተያዘ ይላል፣ ሌላው እንዲያ ያለ መኪና የለም ይላል። ወራት አለፉ፤ አየሁት የሚል ጠፋ። አዝኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሐዘን አልመጣልኝም። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰው ሲቀልድ እስቃለሁ። ሰውነቴን ሌላ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ይመስለኛል። ፕሮፌሰሬ በየስብሰባው የሚላት አንዲት ነገር አለች፦ አልሰማንም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ አለ ማለትም አይደለም። በፊት ስለ ሞገድ ብቻ ነበረች።

ባለፈው እሑድ ከቤት ተደወለ። የአባቴ ወንድም አጎቴ ባሳ ናቸው፤ አባታችን ካረፈ ጀምሮ የቤታችን ትልቅ እሳቸው ናቸው። «ሰው ለቅሶ እንቀመጥ እያለ ነው» አሉኝ። «መርዶ ነጋሪ በሌለበት ድንኳን አይጣል ነገር፣ ጨነቀን። ቅርብ ያለኸው አንተ ነህ፤ የተማርከውም አንተ። ጣሉ ካልክ እንጥላለን፣ ተዉ ካልክ እንጠብቃለን።»

እናቴ ስልኩን ነጠቀቻቸው። በወላይትኛ ነው የምታወራው፣ ቶሎ ቶሎ። «እሱም እንዳንተ ስልክ የሚያዘጉበት በረሃ ገብቶ ይሆናል፣ አይደለም?»

«እማዬ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«አዎ፣ አልሰማህም። መሞቱንም አልሰማህም!»

ስልኩ ወደ አጎቴ ተመለሰ። «ምን አልካት?»

«እስካሁን አልሰማንም አልኳት።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ፣ ልጄ። ሽማግሌዎቹ ውጭ ተቀምጠዋል። እንጣል ወይስ አንጣል?»

«አትጣሉ» አልኳቸው።

እናቴ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ኖሮ፣ አጎቴ ለሽማግሌዎቹ እስኪነግሯቸው እንኳ አልጠበቀችም። ስልኩ ሳይዘጋ፣ ደጅ ወጥታ ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራች «ልጄ አለ! ወንድሙ ነገረኝ፣ ልጄ አለ!» ስትል ሰማኋት።