ጅቡ ሽማግሌ ሆኖ የተላከበት ካሴት

አድናቂ ማለት አንድ ሰው አንድ ጊዜ የሠራውን ነገር ከልክ በላይ የወደደ፣ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ያንኑ ሲደግም የሚሰለች፣ ሌላ ነገር ሲሞክር ደግሞ የሚቀየም ፍጡር ነው። ሹመት አይደለም፤ ጡረታም አይወጡበትም። እኔ አድናቂ ከሆንኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

የማደንቀው አንድ የሮክ ባንድ ነው፤ እዚሁ አትላንታ የተቋቋመ። ስሙን አልጽፍም። አባላቱ በሕይወት አሉ፤ የምለውም ሁሉ ምስጋና አይደለም። ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ «ልጆቹ» ይሏቸው ነበር። ልጆቹ አሁን ሁሉም ስድሳን አልፈዋል፤ እኔ ግን አሁንም እንደ እሳቸው ነው የምጠራቸው።

ልጅ ሳለሁ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ኖርክሮስ ውስጥ ሁለት ፎቅ ባለው አሮጌ አፓርታማ እንኖር ነበር። ከእኛ በታች ያለው ቤት የጋሽ ደምሴ ነበር፤ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከአንዲት ልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖሩበት ነበር። ሰናይት እኩያዬ ናት፤ ሁለታችንም ቤት የሚባለው ከላይ ይሁን ከታች ለይተን አናውቅም ነበር። ጋሽ ደምሴ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። ቅዳሜ ዕረፍታቸው ስለሆነ፣ ሰመር በገባ ቁጥር ቅዳሜ ማምሻውን ከሕንፃው ኋላ ባለው ሣር ላይ ሦስት እግር ያላትን ክብ ግሪል አቁመው ከሰል ያያይዙና በቆሎ እሸት ይጠብሱልን ነበር። በረንዳ ላይ እሳት ማንደድ በኪራይ ውሉ ተከልክሏል። ስለ ሣሩ ግን ውሉ አንድም ቃል አይልም፤ ጋሽ ደምሴ ውሉን ሰው አስነብበው ይህን አረጋግጠዋል።

ያኔ የኖርክሮስ ምሽት ቶሎ አይጨልምም ነበር። ጭሱ ዝቅ ብሎ ሣሩን እየላሰ ይሄድና መኪኖቹ መሀል ይጠፋል፤ ከሰሉ ከላይ አመድ ለብሶ ከሥር ይቀላል፤ ከደረጃው ራስ ያለችው ቢጫ መብራት ሳትፈለግ ቀድማ ትበራለች። የሕንፃው ልጆች ስድስት ሰባት ሆነን በካርቶን ላይ እንቀመጣለን። ጋሽ ደምሴ ቴፓቸውን በመስኮት በወጣ ረጅም ገመድ ሰክተው ወንበራቸው ሥር ያኖሩታል። ቴፑ ውስጥ ያለችው ካሴት ሁልጊዜ አንድ ናት።

ካሴቷን ያገኟት እንዲህ ነው። ከሚሠሩበት ፓርኪንግ ፊት ለፊት ሙዚቃ የሚቀርብበት ቤት ነበር። አንድ ቀን ፀጉራቸውን ያስረዘሙ አራት ልጆች በአሮጌ ቫን መጡ፤ ቫኑ ከመስመር ስለሚተርፍ ሌላው ቦታ ሁሉ መልሷቸዋል። ጋሽ ደምሴ ከግድግዳው ሥር ያለችውን የራሳቸውን ጥግ፣ ወንበራቸውንና ጃንጥላቸውን አንስተው ለቀቁላቸው። «ልጆች ናቸው፣ ደግሞ ዕቃ ይሸከማሉ» ይሉን ነበር ሲያወሩን፣ ከዚህ የበለጠ ምክንያት እንደማያስፈልግ ሁሉ። ልጆቹ ሲወጡ የመጀመሪያ ካሴታቸውን ሰጧቸው። የጋሽ ደምሴ እንግሊዝኛ ያኔ መኪና ለማስገባትና ለማስወጣት የሚበቃ ነበር። ካሴቷ ውስጥ ግን የሚገባም የሚወጣም መኪና አልነበረም። ስለዚህ ዘፈኖቹ ምን እንደሚሉ ራሳቸው ወሰኑ።

የመጀመሪያው ዘፈን ጅቡ ከቀበሮና ከጦጣ ጋር ሽማግሌ ሆኖ፣ የአህዮችን ልጅ ለወንድሙ ልጅ ሊጠይቅ የሄደበት ነበር። ጋሽ ደምሴ አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ። «ቆይ… ደርሰዋል… አሁን ሊያንኳኩ ነው።» ከበሮው ሦስቴ ይመታል፤ እኛም ካርቶናችንን ሦስቴ እንመታለን። ከዚያ ጊታሩ ይገባል፤ ጅቡ ነው፣ በትሕትና አንገቱን ደፍቶ፣ ነገር ግን ምራቁን እየዋጠ። አህዮቹ ተቀመጡ ይሉታል፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላል፤ ቆሞ ግን ዓይኑ ከልጅቷ እግር አይነቀልም።

«አባባ፣ ዛሬ ይሰጧቸዋል?» ትላለች ሰናይት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? አህዮቹን ጠይቂያቸው።»

አህዮቹ ግን ሞኞች አይደሉም። ዘመድ እንማከርና የዛሬ ሳምንት ተመለሱ ይሏቸዋል። ያ ዘፈን መጨረሻ የለውም፤ ድምፁ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው የሚጠፋው። ጋሽ ደምሴ ያኔ ድምፃቸውን አብረው ይቀንሱና ወደ መኪኖቹ በኩል ያመለክታሉ። «ሄዱ… ይሰማችኋል?… ታጠፉ።» እኛም ወደታጠፉበት እናያለን። የቀጠሮው ቀን ቅዳሜ ስለሆነ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ካሴቷም ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እንዲህ ያለ የተሟላ አሠራር ከዚያ በኋላ የትም አላየሁም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አብራኝ የምትማር ልጅ የባንዱን ያንኑ አልበም በሲዲ አዋሰችኝ። በውስጡ የዘፈኖቹ ግጥም በደቃቅ ፊደል የታተመበት ትንሽ መጽሔት ነበር። በሁለት ቀን በቃሌ ያዝኩት። ያኔ እንግሊዝኛዬ ከሕንፃው ሰው ሁሉ የተሻለ ነበር፤ ይህንንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። ቅዳሜ ደረሰ፤ ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን አነሱ፤ «አሁን ሊያንኳኩ ነው» አሉ።

«ኖ፣ ጋሽ ደምሴ» አልኩ። «ጅብ የሚባል ነገር የለበትም እኮ። ስለ ሰካራም ሰውዬ ነው። ሚስቱ ቁልፍ ቀይራበት ውጭ ቆሞ ነው የሚያንኳኳው። ላይክ፣ ሌላ ምንም የለውም።»

የሕንፃው ልጆች ሳቁ። አንዱ «ኦ ማይ ጋድ፣ ጅቡ ሰክሯል!» ብሎ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ጋሽ ደምሴ በቆሎውን ገለበጡ።

«ሚስቱ ናት?» አሉ።

«አዎ።»

«ከፈተችለት?»

«ዘፈኑ አይናገርም።»

«እሺ» አሉ። መጀመሪያ የደረሰውን በቆሎ ልጣጩን ወደ ኋላ መልሰው ለእኔ ሰጡኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰሉ ተያያዘ፤ ካሴቷም ገባች። ከበሮው ሲመታ ጣታቸውን አላነሱም። ሰናይት «ጅቡስ፣ አባባ?» ስትላቸው «አስተርጓሚ መጥቶልን የለ እንዴ፣ እሷን ጠይቂ» አሉ። በምሬት አልነበረም። በምሬት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ እውነት አስተርጓሚ የመጣላቸው መስሏቸው ነው የተናገሩት። በቆሎው ብዙ ዓመት ቀጠለ። ተረት ግን ከዚያ በኋላ ከአፋቸው አልሰማንም።

እኔ አድጌ የሆስፒታል አስተርጓሚ ሆንኩ። የሥራው ሕግ አጭር ነው፤ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አትለውጥ። ፈተናውን በአንድ ጊዜ አለፍኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ልምምድ ላይ ነበርኩ።

ልጆቹንም ተከትያለሁ። ያወጡትን ሁሉ ገዝቻለሁ፤ ከበሮ መቺው ጥሏቸው ሲሄድ ከቤተሰቡ ያላነሰ አዝኛለሁ፤ የፈዘዙትን አልበሞች «ሲደጋገም ይገባል» እያልኩ ለሰው ተከራክሬላቸዋለሁ፤ ሲደጋገምም አልገባም። ዘንድሮ ደግሞ ከረጅም ዝምታ በኋላ አዲስ አልበም አወጡ። ጭሱ የለም። ጊታሩ ተወልውሎ፣ ከበሮው በኮምፒዩተር ተለክቶ፣ እያንዳንዱ ዘፈን መጨረሻው ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ይላል። ዘፋኙ መጠጥ ትቷል። ስለዚህም በአሥራ አንድ ዘፈን ውስጥ ያጠፋውን ሁሉ እየዘረዘረ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ምን እንደተሰማው፣ ለምን እንደተሰማው፣ አሁን ምን እየተሰማው እንደሆነ ያስረዳል። ለሰውየው ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ብሎኛልም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ከፍ ልበል ሲል አልወጣ ይለዋል፤ አላስተካከሉትም፤ እዚያች ቦታ ላይ ሁለቴ አልቅሻለሁ። የቀረውን ግን ስሰማ የሚከነክነኝ፣ ሁሉም ነገር ተብራርቶ ሲያልቅ ለጅቡ መቆሚያ የሚሆን ቦታ አለመኖሩ ነው። ይህን ቅሬታ ለማሰማት ደግሞ ከእኔ ያነሰ መብት ያለው ሰው የለም።

ጋሽ ደምሴ አልበሙ ሲወጣ ከኖርክሮስ ብዙ በማትርቀው ሊልበርን፣ ሰናይት ቤት ነበር የሚኖሩት። ልባቸው ደክሞ ነበር። በግንቦት ወር፣ በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጠይቃቸው ስሄድ ሰናይት በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ሂሩት፣ ፕሊስ፣ ዶክተሩ ያለውን አባባ አያውቅም። ጥቂት ወር ነው የቀረው። አንቺ ደግሞ እንደ ሥራሽ ፍርጥ እንዳታደርጊው።»

«ሰው ሳይጠይቀኝ ተናግሬ አላውቅም» አልኩ። አየችኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩ።

«እሱን እኔም አልረሳሁትም» አለችና አስገባችኝ።

ለጥየቃ መምጣቴ እውነት ነው። ነገር ግን ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። ሳያልፉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያን ጣታቸውን ሲያነሱ ማየት እፈልግ ነበር። ይቅርታም መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሃያ ሰባት ዓመት የዘገየ ይቅርታ ግን በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ አላውቅም ነበር።

መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ውጭ የሰናይት ባል የገዛው ትልቅ የጋዝ ግሪል ሽፋኑን ለብሶ ቆሟል። ጤናቸውን ጠየቅኩ፤ «ደህና ነኝ» አሉ፣ ከሰናይትም ከእኔም በላይ ነገሩን እንደሚያውቅ ሰው። ስልኬን አውጥቼ የአዲሱን አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ከፈትኩላቸው። የጆሮ መስሚያቸውን አስተካክለው ጥቂት አዳመጡ።

«እነማን ናቸው?»

«ልጆቹ ናቸው፣ ጋሽ ደምሴ።»

«የኔዎቹ? ምነው እንዲህ ታጠቡ?»

ዘፈኑ በመቀስ ተቆረጠ። ጋሽ ደምሴ ወደ መስኮቱ ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«የት ሄዱ?»

«አለቀ።»

«ድሮ ሲሄዱ ይሰማ ነበር።» ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡ። «ምን ይላል?»

እንደ ሥራዬ መለስኩላቸው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ። «መጠጥ ትቻለሁ ይላል። አጥፍቻለሁ ይላል። ሚስቱን ይቅርታ ይጠይቃል።»

«ያቺን ቁልፍ የቀየረችበትን?»

«እሷን ይመስለኛል» አልኩ። «ጋሽ ደምሴ፣ ያን ቀን እኔ…»

«ያን ቀን ትክክል ነበርሽ። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም።»

«ትክክል መሆኔን አይደለም የምለው።»

«ታዲያ ከፈተችለት? አሁንም አይናገርም?»

ዘፈኑ አይናገርም። አሥራ አንዱም ዘፈን ስለ ሰውየው ነው እንጂ ስለ በሩ አይደለም። በሥራ ቦታ ቢሆን «አልተጠቀሰም» ብዬ አፌን እዘጋ ነበር። ሰናይት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

«ጅቡ አርጅቷል» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ የጆሮ መስሚያቸውን እንደገና አስተካከሉ።

«ጥርሱ ረግፏል። ቀበሮም ጦጣም አርፈዋል። እሱ ብቻ ከዘራውን ይዞ እንደገና ወደ አህዮቹ ቤት ሄደ። አሁን ልጅቷን ሊጠይቅ አይደለም፤ ድሮ ቆሞ ስለነበር፣ ዛሬ ገብቶ ለመቀመጥ ነው። ደረሰና…»

«ብቻውን?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ብቻውን።»

«አይሆንም። ሽማግሌ ብቻውን አይላክም። ማን ይሰማዋል? ነውር ነው። ሰው ጨምሪለት።»

«ማንን ልጨምርለት? ሁሉም ሞተዋል እኮ።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

ሰናይት ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች። ውኃ ስትከፍት ሰማኋት፤ የምታጥበው ዕቃ ግን አልነበረም።

ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ከበሮው ሊገባ ሲል ጋሽ ደምሴ ከብርድ ልብሱ ሥር እጃቸውን አወጡ፤ ጣታቸው ተነሳ። «ቆይ» አሉ። «ደርሰናል።» ሦስቴ የወንበሩን ክንድ መቱ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ጅቡ በመንገድ ላይ እያነከሰ እንዳስቸገራቸው፣ ጥርስ ባይኖረውም ምራቁን መዋጥ እንዳልተወ፣ በሩን የከፈተችው ያቺው ልጅ እንደሆነች፣ እሷም የልጅ ልጅ እንዳየች። ዘፈኑ ገና ሳያልቅ ድምፁን በጣቴ ቀስ እያልኩ ቀነስኩት። ጋሽ ደምሴ አብረው ቀነሱ።

«ምን አሏችሁ?» አልኩ።

«ዘመድ እንማከር። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አሉ።

ያኔ የተማርኩትን ለመናገር ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ሁልጊዜ ከዘፋኙ ይቅርታ ጋር እየተመሳሰለብኝ ተውኩት። አዲሱን አልበም አሁንም አልወደውም። ንጹሕ ነው፣ ያብራራል፣ ጭስ የለውም። ግን ደግሞ በጣቴ ድምፁን እየቀነስኩ የምሰማው እሱን ብቻ ነው፤ የድሮዋ ካሴት ይህን ራሷ ትሠራው ስለነበር እኔን አትፈልገኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው አንድ ዘፈን እንሰማ ነበር። አልበሙ አሥራ አንድ ዘፈን አለው። አራተኛው ላይ ቆምን።