ከቀለሙ ሥር የተጻፈው

ሰፈሩ ጋሽ ብሩሽ ይለዋል። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ቀለም ሲቀባ ኖሯል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ወንበር ላይ ያየው ሰው የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ቁርሱን ቆሞ ነው የሚበላው። ስልክ ሲደወልለት ተነስቶ ነው የሚያወራው። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሃያ አራት ዓመት ትዳራቸው ከ«እንደምን አደርክ» ይልቅ አብዝታ የተናገረችው ነገር ቢኖር «አንተ ሰውዬ፣ እባክህ ቁጭ በል» የሚለው ነው። እሱም «እሺ፣ አሁን» ይላታል። ያ አሁን መጥቶ አያውቅም።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ወረርሽኙ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ቆልፎ ያስቀመጠው። ያውም ብቻውን። ሚስቱ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምትሠራው፤ አገር ምድሩ ቤቱ ሲገባ እሷ አንሶላ የሚያጥብ ሰው ያስፈልጋል ተብላ ትወጣ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሳል ጀመራት፤ በአራተኛው አምቡላንስ መጣ። ከዚያ ወዲያ አላያትም። አንዲት ነርስ ስልክ ይዛላት አንዴ ብቻ አውርተዋል። ትንፋሿ እየተቆራረጠ «ቁጭ ብለህ ነው?» አለችው። እሱ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር እየተመላለሰ «አዎ፣ ቁጭ ብያለሁ» አላት። በማግስቱ ሞተች።

የቀበሯት ከእግር እስከ ራስ የተሸፈኑ አራት የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። እሱን አጥሩ ጋ ቁም አሉት፤ ቆመ። እንኳን የሚደግፈው ሰው ሊያገኝ፣ ቀርቦ «አይዞህ» ያለው የለም፤ መቅረብም ክልክል ነበር። ቤቱ ሲመለስ መብራቱን አበራ፣ አጠፋ፣ ውሃ ጣደ፣ ውሃው ፈልቶ አለቀ፣ እንደገና ጣደ። ያቺ የስልክ ውሸት አንጀቱን በላችው። ምን አለበት አሁን፣ ለአምስት ደቂቃ ቁጭ ቢል!

በተቀበረች በስምንተኛው ቀን ጠዋት መኝታ ቤት ቆሞ ግድግዳው ላይ ሲያፈጥ ነው ነገሩ ትዝ ያለው።

ቀለም ቀቢዎች አንድ ልማድ አላቸው። ባዶው ግድግዳ ላይ ቀለም ከማሳረፋቸው በፊት በእርሳስ ማስታወሻ ይጽፋሉ፤ ቀኑን፣ የቀለሙን ድብልቅ፣ ሲከፋቸውም የአሠሪውን ጠባይ። የሚያነበው ከዓመታት በኋላ ያንን ግድግዳ የሚፍቀው ሌላ ቀለም ቀቢ ብቻ ነው። እሱም ያገኘውን ሁሉ ገና ሳይጋቡ ጀምሮ እየነገረ ያስቃት ነበር። አንዴ «ወንድሜ፣ ይቺ ሴትዮ ሻይ እንኳ አትሰጥም፤ ምሳህን ቋጥረህ ና» የሚል አግኝቶ ሳምንት ሙሉ ስቀውበታል።

ወደዚህ ቤት በገቡበት ዕለት እሱ ቀለም ሲበጠብጥ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገች። «ምን ጻፍሽ?» ብሎ ሲጠጋ፣ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ በጣቷ መታ አድርጋ ጣለችበትና «ወግድ፣ አሁን አይነበብም። ስትፍቀው ታነበዋለህ» አለችው። ዓይኑን ጨፍኖ እየሳቀ ቀባበት። በየሁለት ዓመቱ አድሰዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። የሰው ቤት ሲያድስ ሃያ አራት ዓመት ነጎደ፤ የትኛው ግድግዳ እንደነበረ እንኳ ጠፋበት።

ከእሷ የቀረው፣ ገና ያልሰማው ቃል እሱ ብቻ ነው። መፋቂያ ስፓቱላውን አወጣ።

መኝታ ቤቱን ሁለት ቀን ፋቀ። ለጽሑፉ ሳስቶ በደረቁ፣ በቀስታ፣ ጥፍር የሚያህል ጥፍር የሚያህል እያለ። ምንም የለም። ኮሪደሩን ፋቀ። እዚያም የለም። ሴት ልጁ ሌላ ከተማ ናት፤ መንገዱ ተዘግቶባት በየቀኑ ትደውላለች።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የሚፋፋቀው?»

«ቤት እያደስኩ ነው።»

«አሁን? ማን ሊያይልህ? በእማዬ ይዤሃለሁ፣ ትንሽ እረፍ።»

«እሺ፣ አሁን» አላት። ስለ ጽሑፉ ትንፍሽ አላለም። ተስፋ ሰጥቷት ባያገኘውስ? እሷም ከሩቅ ሆና እንደገና ልታለቅስ ነው።

የሳሎኑን ሦስተኛ ግድግዳ ፍቆ ሲጨርስ የታችኛዋ ጎረቤት ደረጃው አጋማሽ ድረስ ወጥተው በመጥረጊያ እንጨት የደረጃውን ብረት ኳ ኳ አደረጉ። ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው።

«ጋሽ ብሩሽ፣ እግዜር ያጽናዎት። ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። ግን ቤቱን እላዬ ላይ ሊያፈርሱት ነው?»

«ይቅርታ እትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ድምፁስ ይሁን። አቧራው በመስኮት ይገባል፤ እኔ ደግሞ አስም አለብኝ። በዚህ ሰሞን ሳስል የሰማኝ ሰው አምቡላንስ ነው የሚጠራብኝ። ውሃ እያስነኩ ቢፍቁት ምን አለበት? ሙያው የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

አፈረ። እውነታቸውን ነው፤ የተማረ ቀለም ቀቢ በደረቁ አይፍቅም። እርሳስ ደግሞ ውሃ አይፈራም፣ ስንት ግድግዳ ላይ አይቶታል። ባልዲውን ሞላ፣ ሳሙና ጨመረበት፣ የመጨረሻውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በስፖንጅ አራሰ። ከዚያ ቀለሙ እንደ ሙዝ ልጣጭ እየተላጠ ይመጣለት ጀመር። ፈጠነ። እጁ ራሱ ፈጠነ። በስፓቱላ ይልጣል፣ በስፖንጅ ያብሳል፣ ይልጣል፣ ያብሳል።

መስኮቱ ሥር፣ ጉልበቱ አካባቢ ሲደርስ ስፖንጁ ጠቆረ።

ቆመ። ከግድግዳው ላይ ቀጭን ጥቁር ውሃ እየወረደ ነው። እርሳስ እንዲህ አይፈስም። ያን ጊዜ ነው የገባው። እርሳሱ እኮ ጆሮው ላይ ነበር። ሲጠጋት ከጆሮው ላይ መትታ የጣለችው እርሳስ፣ እንዴት አድርጎ በእሷ እጅ ሊሆን ይችላል? ከቦርሳዋ በማይጠፋው የዓይን ኩሏ ነው የጻፈችው። ሳሙና ደግሞ ኩል አይምርም።

ስፖንጁን ወርውሮ ሸሚዙን አወለቀና በእሱ ግድግዳውን ጠቅ ጠቅ እያደረገ ማድረቅ ጀመረ። «በገዛ እጄ አጠፋሁት» እያለ ነው፣ ድምፁ ይሰማል፣ ለማንም አይደለም። የላይኛው መስመር ሄዷል፤ ጥቁር ዳመና ብቻ ነው የቀረው። ሁለት ፊደል ለመለየት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ምን ብላው ነበር? ይህን መቼም አያውቀውም።

የታችኛውን መስመር ውሃው አልደረሰበትም፤ ቀለሙ ገና ግማሹን ሸፍኖታል። ስፓቱላውን አስቀመጠ። በጥፍሩ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንድ ባንድ አነሳው። ፊደሏ እንደ ልማዷ ወደ ላይ ያዘነበለ ነው። ቆሞ ለማንበብ ዝቅ ያለ ነበር፤ ለካ እሷ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ነው የጻፈችው።

«ሥራው የትም አይሄድም። ና፣ ቁጭ በል።»

ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ያንን መከረኛ ባልዲ ደፋና ገልብጦ ግድግዳው ፊት አስቀመጠው። ውሃው ሳሎኑን አጥለቀለቀው፤ ይፍሰስ አለ። ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ጽሑፉ ልክ ዓይኑ ትይዩ ላይ ሆነ። በእነዚያ ስምንት ቀኖችም፣ ከዚያም ወዲህ አልወጣ ያለው ልቅሶ ያኔ መጣ፤ አላፈነውም። ታች ያሉት ታይፒስት መጥረጊያቸውን አላነሱም።

ስልኩ ጠራ። እጁ ወደ ስልኩ ሲሄድ ጉልበቱ እንደ ልማዱ ልነሳ አለ፤ ያዘው።

«አባዬ? ድምፅህ ምን ሆኗል? ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም» አላት። «ቁጭ ብዬ ነው።»

ልጁ አባቷን ታውቀዋለች። «እውነትህን ነው?» አለችው።

«እውነቴን ነው፣ ልጄ። አሁን ቁጭ ብያለሁ።»