ልጄን ከኮሶዬ ገደል ያስቀረሁበት ቀን

ቅዳሜ በርበሬ ከምሸጥበት መደብ ቀርቼ ኮሶዬ የሄድሁት ልጄን ላመጣ ነው። ለንግሥም ለዘመድ ጥየቃም አልነበረም። ልጄ ማስተዋል ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር የእግር ጉዞ እንደምትሄድ ነበር የነገረችኝ። እኔም አምኜ ዳቦ ቋጥሬ እሸኛት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት የጎረቤቴ ልጅ በስልኳ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ መካከሉ ላይ ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴት ተለጥፋለች። “ማስቴ እኮ ናት፤ ምነው እትዬ፣ አላወቋትም?” አለችኝ።

ታላቅ ወንድሜ እኔ ልጅ ሳለሁ ማር ሊቆርጥ ገደል ወርዶ ቀርቷል። ሬሳው የወጣው በሦስተኛው ቀን ነው። እናቴ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ማር አልቀመሰችም። ያንን ፎቶ ሳይ የታየኝ ወንድሜ ነው። ለማስተዋል ግን አንድም ነገር አላልኋት። ብጠይቃት ትዋሸኛለች ብዬ፣ ሄጄ እጅ ከፍንጅ ልይዛት ቆረጥሁ። አሁን ሳስበው ያን ዕለት ማታ ራት ስንበላ ብጠይቃት ኖሮ ሁሉንም ትነግረኝ ነበር።

ከመናኸሪያ

እሷ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣች፤ እኔ በአንድ ሰዓት ተከተልሁ። መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅሁት። “ዛሬስ ሸጋ ነው፤ ተዘግቶ የነበረው ትናንት ነው” አለኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ሒሳቡ መቶ ሃምሳ ብር ነበር። አጠገቤ አንዲት ጌሾ የጫነች ሴት ተቀመጠችና ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ “ለቅሶ ነው” አልኋት። ወዲያው ምላሴን ልነክሰው ደረስሁ። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠችልኝ፤ “የቅርብ ሰው ነው?” ስትለኝ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁት። እስከምወርድ ድረስ እመቤቴ ሆይ ከአፌ የወጣውን አትስሚብኝ እያልሁ ሄድሁ።

ወለቃን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ብርዱ በመስኮቱ ይገባ ጀመር። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በስተግራ የሚታየው ቁልቁለት ታች ድረስ ሰማያዊ ጭጋግ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ አገሩን ያያል። እኔ የፊተኛውን ወንበር ጨርቅ እያየሁ ሄድሁ።

ኮሶዬ

ሦስት ሰዓት ሲሆን ወረድሁ። የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ብገባ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ፤ ሁለቱን በልቼ ሌላውን ተውሁት። የምግብ ቤቱን ባለቤት ገደል የሚወጡ ልጆች የት እንዳሉ ብጠይቃት፣ “የገመዶቹ ልጆች? አያ ሞላ ያደርስሻል” አለችና ከጓሮ ጠራችልኝ። አያ ሞላ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ከገደሉ በታች ስለሆነ ልጆቹ ዕቃቸውን እሳቸው ቤት ያሳድራሉ።

መንገዱ በእግር አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ገብሱ እየታጨደ ነዶው በየማሳው ተከምሯል። አያ ሞላ ከፊቴ በዱላቸው እየጠቆሙ፣ እዚህ ጋ ያዳልጣል፣ እዚህ ጋ ዝቅ በይ ይሉኛል። ጠርዙ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነቅላሉ። አንዷ ግልገሏን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ገደሉ ወረደች፤ ደረጃ የምትወርድ ነው የሚመስለው። ቆሜ አየኋት።

“አንች የማንኛቸው እናት ነሽ?” አሉኝ አያ ሞላ።

“የማስተዋል እናት ነኝ።”

ዱላቸውን ተክለው ዞሩ። “እንዲህ ያለች ሸጋ ልጅ ወልደሽ ፊትሽ ምነው ጠቆረ?” አሉኝ። ስቄ መንገዱን ቀጠልሁ።

ከገደሉ ሥር

ልጆቹ አምስት ናቸው፤ ጥላው ላይ ወረቀት ዘርግተው ይከራከራሉ። ስለ ገደሉ መጽሐፍ እያዘጋጁ ኖሯል፤ እስካሁን ማንም አልጻፈለትም። በየገጹ የዓለቱ ሥዕል አለ። በምን በኩል እንደሚወጣ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ መጀመሪያ ማን እንደወጣው ይጻፋል። አንዱ ልጅ ስለ አንድ መውጫ ክብደት “ስድስት ብላችሁ ጻፉ” ይላል። ሌላው “አምስት ነው፤ ስድስት የሆነብህ ሆድህን ይዘህ ስለምትወጣ ነው” ብሎ አሳቃቸው። አያ ሞላ ሳይቀመጡ የራሳቸውን ክርክር ከፈቱ። መጽሐፉ በገብሳቸው መካከል እለፉ የሚል ከሆነ እያንዳንዱን ገጽ በሬያቸው እንደሚበላው ነገሯቸው። በማሳው ዳር ዙሩ ተብሎ እንዲጻፍ ተስማሙ።

ማስተዋል ያየችኝ ይሄኔ ነው። “እማዬ” ብላ ተነሣች። ልጆቹ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ከፔርሙስ ሻይ ቀዱልኝ። ደሴ የሚሉት ብየዳ ቤት የሚሠራ ጎልማሳ የሁሉም ታላቅ ነው። “እንኳን መጡ እናቴ፣ ዛሬ የእሷ ቀን ነው” አለና አስረዳኝ። ገደሉ መካከል ያለውን መውጫ ማስተዋል ዓመት ሙሉ ስትሞክረው ከርማለች፤ የቀራት ሰባት ክንድ ያህል ነው። አናት ያልተደረሰበት መውጫ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ አናቱ የደረሰ ሰው ለመውጫው ስም ያወጣለታል። ፀሐይ ከዓለቱ ላይ ዞር ብላ ጥላ ሲሆን ልትጨርሰው ነው፣ ሰኞ ገጹ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ማስተዋል አጠገቤ ተቀምጣ ገጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው። በእርሳስ የሣለችው ነው፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ ብዙ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። ጣቷን በነጠብጣቦቹ ላይ እያሳለፈች ስትነግረኝ እሰማ ነበር፤ ቃሉ ግን አልገባኝም። እኔ የማየው ገደሉን ነበር። ወንድሜን የወሰደው ገደል የዚህን ግማሽ አያህልም። ቀዩ ምንድን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኋትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላው ዓለቱን ያዘው። መታጠቂያዋን አጥብቃ ገመዱን ቋጠረች። ገመዱን ከታች የሚይዝላት ደሴ ቋጠሮውን አየላት፣ እሷም የእሱን ማሰሪያ አየች፣ ከዚያ እንደገና የራሷን። ዓለቱን በእጇ ስትነካ እኔ ተነሣሁ። በግራ እጄ ገመዱን ያዝሁ፣ በቀኝ እጄ ጡቴን።

“ያጠባሁሽን ጡት ይዤ ገዝቼሻለሁ። አትወጭም” አልሁ።

በእኛ አገር እናት እንዲህ ከገዘተች ልጅ አይሻገረውም። አያ ሞላ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማስተዋል ፊቴን አላየችም፤ ገመዱን የያዘውን እጄን ነው ያየችው። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታችና “እሺ እማዬ” አለች።

ያ ባለ ሆዱ ልጅ፣ የቀረውን እሱ ወጥቶ በእሷ ስም እንዲያስጽፍ ለመናት። እንቢ አለች። “ያልደረስሁበትን ደርሳለች ብላችሁ አትጻፉ። እስከ ደረስሁበት ሣሉት፣ ከዚያ በላይ አይታወቅም በሉ።” ደሴ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አገላበጠው። ደንባቸው እንደሚፈርስ ያውቃል። “እንዲህ ይግባ” አለ በመጨረሻ።

መልስ

አያ ሞላ እስከ አስፋልቱ ሸኙን። ማስተዋል ገመዷን ተሸክማ ቀድማን ትሄዳለች። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ክረምቱን እንዴት እንደከረመች ነገሩኝ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር መጥታ፣ የትኛው ድንጋይ መቼ እንደሚወድቅ፣ የትኛውስ ውኃ ገብቶት እንደሚላቀቅ ስትጠይቃቸው ትውላለች። ደመና ከታየ ሁሉንም ተቆጥታ የምታወርዳቸው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ደሴን እንኳ ውረድ ብላ አስወርዳው፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በረዶ ወርዷል። “በጭንቅላቷ ላይ ሌላ ዓይን አላት” አሉኝ። እኔ ዓይኔን ከመሬት አላነሣሁም።

ሚኒባሱ ውስጥ ወለቃ ደርሰን የሸክላ መሸጫዎቹን ስናልፍ ጠየቅኋት።

“ቀይ ነጠብጣቡ ምንድን ነው?”

“የሚነቀል ድንጋይ ነው። አጎቴ የወደቀው ገመዱ ተበጥሶ አይደለም፤ የረገጠው ድንጋይ ለቆት ነው፤ አንች ነሽ የነገርሽኝ። ይሄኛውን አትርገጥ ያለው ሰው አልነበረም። መጽሐፉን የጀመርሁት ለዚያ ነው።”

ይህን ስትለኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው። እጇን ልይዝ ፈለግሁ፤ ገመዱን የያዘው ያው እጄ ስለሆነ አፈርሁ።

ቤት

ማግሥቱን ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ግዝቱን እንዲፈቱልኝ ለመንኋቸው። ተቆጡኝ፤ ጡት የተሰጠሽ ልታጠቢበት ነው እንጂ ልታስሪበት አይደለም አሉኝ። ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመው “እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ እሷንም ይፍታ” አሉ። እየተቻኮልሁ ቤት ገብቼ ለማስተዋል ተፈትተሻል አልኋት። ሹራቧን እያጠበች ነበር።

“ግዝቱ አይደለም እማዬ” አለችኝ። “እጅሽ ገመዱ ላይ ሲንቀጠቀጥ መንቀጥቀጡ በገመዱ መጥቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። እንዲያ ሆኖ አይወጣም።”

“ታዲያ መቼ ነው የሚለቅሽ?”

“እኔ እንጃ።”

ከዚያ ወዲህ ኮሶዬ አልሄደችም። መጽሐፉ ታትሞ ወጥቷል፤ ደሴ አንድ አምጥቶልናል። የእሷ ገጽ ላይ መስመሩ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ይወጣል፣ ይወጣልና አናቱ ሳይደርስ ይቆማል። ሌሎቹ ሁሉ ስም አላቸው፣ የእሷ ቦታ ባዶ ነው። ስሙን ምን ልትይው ነበር ብዬ አልጠየቅኋትም፤ የወንድሜን ስም ብትለኝስ ብዬ እፈራለሁ።

እኔ ያን ቀን የሄድሁበትን ይዤ ተመልሻለሁ። ልጄ ቤቴ ናት፣ ቅዳሜም በርበሬ ትለቅምልኛለች፣ ሳቋ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሳይጠይቁ መፍራት ከሰው ምን እንደሚወስድ የተማርሁት በዚያች አንድ ቀን መንገድ ነው።

ገመዷ ጓዳ ውስጥ ተሰቅሏል። ደሴ እርጥበትና አይጥ እንደሚያጠፉት ስለነገረኝ፣ እሷ ሥራ ስትሄድ አውጥቼ ጥላ ላይ አናፍሰዋለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ እያሳለፍሁ የተበላ ቦታ እንዳለው አያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን መካከሉ ሳልደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው አደርሰዋለሁ። አንድ ቅዳሜ “እማዬ፣ ገመዴ የት አለ?” ካለችኝ ራሴ አውርጄ ልሰጣት ነው።