ጉም ውስጥ የቆመው አክተር

ሰውየው ሰላምታዬን ሳይመልስ ሲቀር ነው ሰው መሆኑን የተጠራጠርኩት። በእኛ አገር ጉም ሲወርድ ሰውና ሰው ሳይተያይ ይገናኛል። ስለዚህ ኮቴ የሰማ ሁሉ ከሩቁ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል። ድምፅ ከሰጠ ሰው ነው። ካልሰጠ ግን... እናቴ ድምፅ ያልሰጠውን በስሙ እንኳ አትጠራውም ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ሰላም አልኩት፤ ሁለቴም ዝም አለኝ። ጀርባዬ ላይ የስድስት ወር ልጄ ተኝቷል።

ይህ ነገር ትዝ ያለኝ በቀደም ነው። ላሊበላ ከምንኖርበት ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ፤ ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በስልኳ ፊልም ታያለች። በትከሻዋ በኩል አየት አደረግሁ። ፀሐይ ደጁን ሞልታው ሳለ ስልኩ ውስጥ ግን ጨለማ ነው። ጀግና የተባለው ሰው ጥቁር ለብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ የፈረሰ ከተማ ላይ ዝናብ እየመታው ቆሟል። ይበራል፣ ግድግዳ በጡጫ ይሰብራል፣ ግን ደስ ያለው አይመስልም።

«እስከ ዛሬ አልተሻለውም?» አልኳት።

«ማን?»

«ያ ሰውዬ። እኔ ልጅ ሳለሁም እንዲሁ እንዳኮረፈ ነበር።»

ሳቀችብኝ። ስትስቅ ጊዜ ነው የነገርኳት።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሞ፣ ብልባላ ሳይደረስ ካለች መንደር ተድሬ የመጀመሪያ ልጄን ወልጃለሁ። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ። ቅዳሜ ጠዋት ከባሌ ታናሽ እህት ከአበቡ ጋር ነጭ ሽንኩርት ይዘን ላሊበላ ገበያ ሄድን። ሽጠን እንደ ጨረስን ዝናብ ያዘንና ሮጠን የተጠለልንበት ቤት ቪዲዮ ቤት ሆኖ ተገኘ። እርጥብ ጋቢና የሽምብራ ቆሎ ይሸታል። ሰዉ አግዳሚ ላይ ተጣቦ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ፣ ቋንቋውን ይስማው አይስማው እንጃ፣ ያስተረጉማል።

ጥቁር የለበሰው ሰው አንዲት ሴት ከሚቃጠል ቤት ያወጣል። ሴትየዋ ከእሳቱ ይልቅ እሱን ፈርታ ትጮኻለች። እኔም አብሬያት ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«አክተሩ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኩ።

«አክተሩማ እሱ ነው እኮ፣ እቴ!» አለኝ ባለቤቱ።

«እሱማ ሰይጣኑ ነው!» ብል ቤቱ ሙሉ አውካካ። አበቡ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «ኧረ እትዬ፣ አታዋርጅኝ!» አለች።

ዝናቡ ሲያባራ መንገድ ጀመርን። አበቡ ቀልድ አይጠፋባትም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጠቅልላ፣ ድምጿን አወፍራ፣ «ልጁን ወዲህ በይ!» እያለች ከኋላዬ ትመጣለች። ስንስቅ ስንስቅ ገደል አፋፍ ላይ ካለችው ቀጭን መንገድ ደረስን። ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ነው። ጉሙ ከታች ከሸለቆው ተነሥቶ መጀመሪያ እግራችንን፣ ቀጥሎ ሁለመናችንን ዋጠን። የወፍ ድምፅ እንኳ ጠፋ።

ያኔ ነው ያየሁት። መንገዱ መሐል ቆሟል። ራሱ ላይ ጥቁር ቆብ፣ ትከሻው ላይ ዝናብ ያጠቆረው የበግ ቆዳ ደበሎ አለ። ፊቱ አይታይም። ሰላም አልኩት፤ ደግሜ አልኩት። ዝም።

«እትዬ፣ ያ የፊልሙ ሰውዬ ነው» አለች አበቡ በጆሮዬ። አሁን አትቀልድም።

ሁለት እጁን ዘረጋ። ደበሎው እንደ ክንፍ ተከፈተ። ወደ ግራ ስል ወደ ግራ ይላል፣ ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ። በትሩን መሬቱ ላይ መታ። «በማርያም፣ አሳልፈን!» ብል ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ልቤ ጠፋና አጎንብሼ በክንዱ ሥር ሾለክሁ። ከኋላዬ የአንቀልባውን ጠፍር ለቀም አደረገ። ልጄ ጮኸ። ዞሬ እጁን ነከስኩት። ደሙን እስክቀምሰው ድረስ ነከስኩት። አልለቀቀም። አልጮኸም። ሰው ሆኖ እንዲያ ተነክሶ ዝም የሚል አለ? ከሁሉ የባሰብኝ ይሄ ነው።

ስታገል እግሬ አንድ ድንጋይ መታ። ድንጋዩ ተንከባለለና ድምፁ ጠፋ። ቆየ፣ ቆየና ከታች፣ ከሩቅ፣ ሲፈነከት ተሰማ።

ቀና ስል መንገዱ የለም። ጠዋት ያለፍንበትን የቀትሩ ዝናብ ንዶት ከፊቴ ያለው ጉም ብቻ ነው። እኔንና ልጄን የያዘን ያ ጠፍርና ያ የነከስኩት እጅ ነበር።

ሳብ አድርጎ መለሰኝ። የበትሩን ጫፍ አስያዘኝ፤ አበቡ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። በላይኛው ተረተር አዙሮ ከአንድ ቤት አደረሰን። ባለቤቲቱ ወጥታ ስታየን፣ «አባ! እጅዎን ምን ነካዎት?» አለች። ለካ መነኩሴ ናቸው።

አበቡ መሬት መሬት አየች። «እኔ ነኝ፤ ነከስኳቸው» አልኩ።

«ወይ ጉድ! በፍልሰታ ሥጋ ቀመስሽ በይኛ!»

አባ ለጾሙ አርምሞ ይዘው፣ እስከ በዓሉ ድረስ ቃል ከአፋቸው እንደማይወጣ፣ መንገዱ ከተናደ ጀምሮም እዚያ ቆመው መንገደኛ ሲመልሱ እንደ ቆዩ ነገረችን። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አባቴ ይፍቱኝ» ብል «ይፍታሽ» ማለት አልቻሉም፤ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉት። ይሄኔ ልጄ፣ ዛሬ ኩልመስክ ጎማ የሚጠግን ጎረምሳ ነው፣ ጺማቸውን ጨምድዶ ያዘ። አባ ሳቁ። ሳቃቸው ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ጥርስ የሌለው አፋቸው ተከፈተ። እንዲያ ደስ ያለው ሰው ከዚያ ወዲህም አላየሁ።

ልጄ ፊልሙን አቁማ ስትሰማኝ ቆየችና፣ «አሁን እኮ እማዬ፣ ፊልሙ ካልጨለመ የሕፃን ነው ይሉታል» አለችኝ።

ይበሉ። ጨለማውን አልጣላውም። አስፈሪ ሆኖ የሚያድን እንዳለ በጥርሴ አውቄዋለሁ። እኔን የሚያስፈራኝስ፣ ሰው አድኖ ደስ የማይለው ነው። ያችን ሴት ከእሳት ሲያወጣት ፊቷን እንኳ አላያትም፤ ትቷት ወደ ጨለማው ሄደ። ልጆቼ ጀግንነት እንዲያ ነው ብለው እንዳያድጉ እሰጋለሁ።

«ከዚያስ እንዴት ሆናችሁ?» አለችኝ ልጄ።

«ከዚያማ ሴትየዋ ትኩስ ንፍሮ ሰጠችን፤ ጉሙ ተገፈፈ። በላይኛው መንገድ ሳይመሽ ቤታችን ደረስን። ደህና ገባን ልጄ። ሦስታችንም ደህና ገባን።»