የጌም ማሽኑ አዲስ ስክሪንና ያልታረቁት ባለቤቶቹ

የድሮ ዕቃ አይበላሽም የሚባለው ውሸት ነው። የድሮ ዕቃም እንደማንኛውም ዕቃ ይበላሻል። ልዩነቱ፣ አዲሱ ሲበላሽ ሌላ ይገዛል፤ የድሮው ሲበላሽ ሽማግሌ ይቀመጣል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ ጌም ቤት፣ የሞተ ስክሪን ለመቀየር የክረምቱን መጨረሻ ስሰቃይ የተማርኩት ነው።

ማሽኑ ቁም ሣጥን ያህላል። ታላቅ ወንድሜና የእህታችን ባል በወጣትነታቸው አዋጥተው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጭነው ያመጡት ነው። ከፊቱ ሁለት ማንሻዎችና ጥቂት ቁልፎች አሉት። ስክሪኑ ላይ ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች ከታች ወደ ላይ እየበረሩ የሚመጣባቸውን ሁሉ ተኩሰው ይጥላሉ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ይጫወተዋል፤ እርስ በርስ ሳይሆን በአንድ ወገን። ወንድሜ ሁልጊዜ በግራ፣ አማቹ ሁልጊዜ በቀኝ። የከተማው ልጅ ሁሉ ወደ ፕሌይስቴሽን ከዞረ በኋላ እንኳ ሁለቱ፣ ጢማቸው ሸብቶ፣ አመሻሽ ላይ እዚያው ይቆሙ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣና የስክሪኑን የመስታወት ቱቦ አቃጥሎት ሄደ።

«ሶኬቱን መንቀል የአንተ ሥራ ነበር» አለ ወንድሜ።

«ይሄ ማሽን ድሮ ሞቷል» አለ አማቹ። «አንተ ነህ አላስቀብር ያልከው።»

ወንድሜ «አላስቀብር» የሚለውን ቃል አልወደደውም። ከዚያ ወዲህ መነጋገር ቀረ። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በእህቴ በኩል ይላላካሉ።

«ለወንድምሽ ንገሪው፣ ቁልፉን በሩ ላይ ረስቶታል።»

«ለባልሽ ንገሪው፣ አልረሳሁትም፤ ትቼው ነው።»

እህቴ እስከ ነሐሴ ድረስ ታገሠች። ከዚያ እኔ ዘንድ መጣች። «ጊፋታ እየደረሰ ነው» አለችኝ። በወላይታ ዘመን መለወጫችን ቂም ይዞ መሻገር ነውር እንደሆነ ልታስታውሰኝ አላስፈለጋትም። «ባሌ ባለበት ወንድሜ አይመጣም፤ ወንድሜ ባለበት ባሌ አይመጣም። እኔ የት ነው የምበላው? ሥጋውንና ዳጣውን ተሸክሜ መንገድ መሐል ልቁም?»

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔም አንዱ ነበርኩ፤ ሽማግሌ መሆኔን የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ወንድሜ ተነሥቶ ቃሉን ሰጠ፦ «ማሽኑ ይሥራ። በሠራ ዕለት እታረቃለሁ።» አማቹ «አይሠራም፤ ይጣል» አለ። ሽማግሌዎቹም ተራ በተራ ራሳቸውን እየነቀነቁ የዚህ ዕቃ መለዋወጫ ከምድር እንደጠፋ መሰከሩ። ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ዝም ብዬ መስማት አልችልም። «ይሠራል» አልኩ።

«እንግዲያው አሠራው» አሉኝ።

ቱቦውን የሚተካ አልተገኘም። ስለዚህ በጠፍጣፋ ስክሪን ልንቀይረው ተነሣን። ማሽኑ ምስሉን የሚልከው በጥንቱ ዘዴ ነው፤ አዲሱ ስክሪን ደግሞ ያንን አይቀበልም። በመካከላቸው መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ትገባለች። ከማሽኑ የቀዩን፣ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ሽቦ ተቀብላ ስክሪኑ በሚገባው መልክ ታቀብላለች። አስተርጓሚ ናት። ቤቱ ወላይትኛ፣ ቢሮው አማርኛ፣ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ በሆነበት ከተማ አስተርጓሚ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰሌዳዋን አንድ የማውቀው ሹፌር ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። ኢንተርኔት ላይ ይህን ሥራ የሚያሳዩ ሰዎች አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይጨርሱታል። ልብ በሉ፣ ሁሉም የሚሠሩት ብቻቸውን ነው። አጠገባቸው ዘመድ የለም።

ሶዶ ውስጥ ስክሪን ያለበትን ነገር ሁሉ የሚነካው የዲሽ ሠራተኛ ነው። የእኛው መጣ፤ ጎልማሳ፣ በራሱ የሚተማመን ሰው። ሽቦዎቹን አገናኘ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ሰውዬው መሰላል ፈለገ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ጣሪያ ላይ።»

«ጣሪያው ላይ ምን አለ?»

«ዲሹ ነዋ፣ መምህር።»

«ይሄ ማሽን ከዲሹ ጋር አልተገናኘም።»

«ስክሪን ከጠፋ ዲሽ ዞሯል ማለት ነው» አለኝ፣ ለበሽተኛ በሚነገር ለስላሳ ድምፅ። «ትናንት ደግሞ ነፋስ ነበር።»

አንድ ሰው እንኳ ያስቆመዋል ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የሚያስቆመው የለም። ስክሪን ሲጠቁር አንዱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ አንዱ በር ላይ ይቆማል፣ አንዱ ስክሪኑ ፊት ሆኖ ይጮኻል፤ ይህን ሥርዓት ማንም ሳያስተምረን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንድሜ በሩ ላይ ቦታውን ያዘ። እህቴ ስክሪኑ ፊት ቆመች። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ መሰላሉን ደግፌ ያዝኩ።

«ትንሽ ወደ ግራ!» አለ ወንድሜ።

«መጣ?» ይላል ከላይ።

«አልመጣም!» ትላለች እህቴ ከውስጥ።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ብቅ አሉ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ድራማዬን የት ወሰዳችሁት?» ለካ ዲሹ የሁለት ቤት ነው።

ይህን ጊዜ አማቹ፣ እስካሁን ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን የነበረው፣ መታገሥ አቃተው።

«ወደ ቀኝ ነው!»

«ግራ ነው አልኩ!» አለ ወንድሜ።

«ቀኝ!»

«አንተ ደግሞ መቼ ነው አቅጣጫ የምታውቀው? ቦዲቲ እንሂድ ብለን አረካ ያወረድከን አንተ አይደለህ?»

«አንተ ሚኒባሱ ውስጥ ታንኮራፋ ነበራ! ማንን ልጠይቅ?»

እህቴ ከውስጥ ወጥታ አፏን በእጇ ይዛ አየቻቸው። ከፋሲካ ወዲህ ፊት ለፊት የተነጋገሩት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ለምንም በማይጠቅም ዲሽ። ዝም እንድል በዓይኗ ለመነችኝ። መሰላሉን ለራሱ ትቼ ወደ ማሽኑ ጀርባ ዞርኩ። እዚያ አንድ ግራጫ ሽቦ ተንጠልጥሎ አገኘሁ።

«ይሄስ ሽቦ?» ብዬ ወደ ላይ ጮህኩ።

«እሱ ትርፍ ነው!»

ትርፍ አልነበረም። ምስሉን ቦታው ላይ ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። ሰሌዳዋ ላይ ሰካሁት። ስክሪኑ በራ፤ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ከጣሪያው ላይ «አላልኳችሁም?» የሚል የድል ድምፅ ተሰማ። ሰውዬው ማሽኑን ያስነሣው በዲሹ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያምናል። እህቴም ታምናለች። የጎረቤታችን ድራማ ግን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ ስንገናኝ የምንሰማው ሰላምታ እሱ ነው።

ደስታው ብዙ አልቆየም፤ ምስሉ በጎኑ ተኝቷል። አሮጌው ስክሪን በቁመቱ የቆመ ነበር፣ አዲሱ ደግሞ በወርዱ ተጋድሟል፤ ስለዚህ አውሮፕላኖቹ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ግድግዳ ይበራሉ። ሁላችንም አንገታችንን አጣምመን አየን። ስክሪኑን አቁመን ወደ ሣጥኑ ልናስገባው ሞከርን፤ ረዘመ። አማቹ መጋዝ አመጣ። ወንድሜ ማሽኑን በሰውነቱ ሸፈነው። «እኔን ቁረጥ መጀመሪያ!» በመጨረሻ ስክሪኑን ከሣጥኑ ፊት አቁመን ከጎማ ካላማዳሪ በተቀደደ ላስቲክ ጠፍረን አሰርነው። የተሰበረ እግር ይመስላል፤ ግን አውሮፕላኖቹ ወደ ላይ በረሩ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። እህቴ እጆቿን አጣመረች።

ወዲያው ሁለቱም ሞቱ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ሞቱ።

«ዘገየ» አለ ወንድሜ። «ስጫን ይቆይና ነው የሚተኩሰው።»

«አንተ ነህ የዘገየኸው። አርጅተሃል» አለ አማቹ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ የእሱም አውሮፕላን ፈነዳ። ማንሻውን ለቅቆ እጁን አየ። «እውነቱን ነው» አለ። «ይዘገያል።»

እውነታቸውን ነበር። ሰሌዳዋ ምስሉን ተቀብላ እስክታቀብል ቅንጣት ታህል ትዘገያለች፤ ስክሪኑም የራሱን ይጨምርበታል። ዓይን አያየውም። ይህን ጌም ዕድሜ ልኩን የተጫወተ እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል። አስተርጓሚ መቼ ከተናጋሪው እኩል ጨርሶ ያውቃል?

«ይሄ ሠራ ይባላል?» ሲል ወንድሜ አማቹን ጠየቀው።

«በፍጹም አይባልም።»

«እኔ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ያልኩት፣ ሲሠራ ነው።»

«ልክ ነህ። ቃል ቃል ነው። ባትታረቅ አልፈርድብህም።»

ይህን እየተባባሉ ተያይዘው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ይኸው እስከ ዛሬ እንዲህ ናቸው። አብረው ሻይ ይጠጣሉ፣ አብረው እኔን ያማሉ፣ ላስቲኩን እያዩ አብረው ይስቃሉ። አልታረቁም። «ተነጋገራችሁ እኮ!» ስላቸው «መነጋገር ሌላ፣ መታረቅ ሌላ» ይሉኛል። በጊፋታ አንድ ገበታ ትቀርባላችሁ ወይ ስላቸው «ማሽኑ ሳይሠራ?» ብለው እኩል ይቆጡኛል። በሕይወቴ ብዙ ግትር ሰው አይቻለሁ፤ ተስማምቶ የሚጣላ ግን ከእነዚህ በቀር አላየሁም። እህቴ ሥጋውን የት እንደምትበላ አሁንም አታውቅም።

የቀረው መፍትሔ አንድ ነው። ጀርባው ያበጠ የድሮ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ቢገኝ ምስሉን ያለ አስተርጓሚ በቀጥታ ይቀበላል፤ አይዘገይም። ግን ሁሉም ባለ ቱቦ አይሆንም፤ ከጀርባው ለዚህ የሚሆን ሶኬት ያለው መሆን አለበት። ዱቦ ድረስ ሄድኩ፤ «ባለፈው ሳምንት ለቁራሌ ሰጠነው» አሉኝ። ዲምቱ ከተማ አንዱን አገኘሁ፤ ሆዱ ተቦርቡሮ ዶሮ ታቅፋበታለች፤ ባለቤቱም ጫጩቶቹ እስኪወጡ ጠብቅ አለኝ። ቢጠና ከተማ ያገኘሁት ደህና ነበር፤ ሶኬቱ ግን የለውም።

ስለዚህ አንተ ይህን የምታነበው ሰው፣ አንቺም፣ ተነሡና ጓዳችሁን ፈትሹ። አሮጌ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ካለ ዳንቴሉን አንሡና ጀርባውን እዩ። በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ብዙ ቀዳዳዎች ያሉት ረጅም ሶኬት ካለው ለቁራሌ አትስጡት፤ ለእኔ ስጡኝ። ጊፋታ ሳይደርስ ስጡኝ።