ጀሪካን ይዞ ሽምግልና

ጀሪካን ይዤ ሽምግልና የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃኛል።

ስኳር ከያዘኝ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። አምና ሐኪሜ፣ ኩላሊቴ ውስጥ ደም የሚያጣራው ወንፊት ቀዳዳው እየሰፋ፣ ፕሮቲን ከሽንቴ ጋር እየወጣ እንደሆነ ነግራኝ አዲስ መድኃኒት አስጀመረችኝ። መሥራቱን ለማወቅ የሃያ አራት ሰዓት ሽንቴን በሙሉ በጀሪካን ማጠራቀም ነበረብኝ። የመጀመሪያውን ካዛንቺስ አንድ ካፌ ገብቼ፣ ረስቼ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ሸንቼ አበላሸሁት። ሐኪሜ ተቆጥታ እንደገና አጠራቅሜ ሰኞ ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። መድኃኒቱ ካልሠራ የኩላሊት እጥበት ነገር መነሣቱ አይቀርም። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር።

እሁድ ጠዋት ማጠራቀም ከጀመርኩ በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ሽምግልና ትዝ አለኝ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሄደን ልጅቷን ልንጠይቅለት ቃል ከገባን ወር ሆኖናል፤ ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ነው። ምን ይደረግ? ጀሪካኗን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ጋቢዬ ሥር ሸጎጥኩና ከሁለቱ ሽማግሌ ጓደኞቼ ጋር ታክሲ ተሳፈርኩ።

ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ሦስታችንም ቆመን ጠየቅን። የልጅቷ አባት የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። የልጁን ሥራ ጠየቁ፣ ጠባዩን ጠየቁ፣ ከዚያ ዘመድ እንዳይሆኑ ሰባት ቤት መቁጠር ጀመሩ። ስኳር ያለበት ሰው ፊኛ ደግሞ ትዕግሥት የለውም። አራተኛው ቤት ላይ ላብ አጠመቀኝ።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ስኳር አለብኝ፤ ኩላሊቴን ነክቶኛል። ለምርመራ ዛሬ የምሸናውን ሁሉ ማጠራቀም አለብኝ።» ጋቢዬን ገለጥ አድርጌ ፌስታሉን አሳየኋቸው። አጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

አባትየው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ክንዴን ያዙና ራሳቸው ወደ መጸዳጃ ቤቱ ወሰዱኝ። በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ስኳር ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አሉኝ።

«ኩላሊትዎን ታይተዋል?»

«አልታየሁም። ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ስፈራ ይኸው።»

ስጨርስ አብረን ወደ ሳሎን ተመለስን። «ተቀመጡ» አሉ አባትየው። «እንዲህ ተጨንቆ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ሰጥቻለሁ።» ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ጀሪካኗም እግሬ ሥር ተቀመጠች።

ረቡዕ ውጤቱ ደረሰ፤ የሚወጣው ፕሮቲን ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ሐኪሜ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ። ከሐኪም ቤቱ ግቢ ሳልወጣ፣ ከሚስቴም በፊት ለአባትየው ደወልኩ።

«እሰይ» አሉ።

«ነገ ጠዋት ሥራ አለብዎት?» አሉኝ ቀጥለው።

«የለብኝም።»

«እንግዲያው ሐኪሟ ጋ ይውሰዱኝ። ብቻዬን አልችልም።»